ተኳሹ ጀግና፣ ሠሪው ቡዳ?

አንድ ጠመንጃ እናስብ። ፋብሪካ አይቶ አያውቅም። አፈሙዙ ከቧንቧ የተቆረጠ፣ ሰደፉ ከወይራ የተጠረበ ነው። ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። መተኮሻው ደግሞ የባሰ ቀላል ነው፦ አንድ የታጠፈ ብረት፣ አንድ ሞላ፣ አንድ ቃታ። በቃ።

ይህን ጠመንጃ ለአዲስ አበባ ልጅ ብታሳዩት መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ፎቶ ያነሳዋል። «ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ግን አይመጣለትም። የዛሬው ጠባችን ከዚህ ሳቅ ጋር ነው።

እስቲ ስቀን ሳንጨርስ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አርቱር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደኛ አገር የመጣ ጊዜ የያዘው ሥራ ንግድ ነበር። ከንግዱም አንዱ ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ለቤተሰቦቹ ሲጽፍ ነገሩን አልደበቀም። ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚወስደው ጠመንጃ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጣ፣ በካፕሱል የሚተኮስ አሮጌ ነው። ሊዬዥ ከተማ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ ዋጋው 7 ወይም 8 ፍራንክ፣ ሸዋ ሲደርስ ግን 40 ፍራንክ ገደማ። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው! እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ እንጦጦ ደረሰ። እሱም በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። መተኮሻውም ያው መዶሻ፣ ሞላና ቃታ ነው። ልዩነቱ በጥራት እንጂ በሐሳብ አይደለም።

እዚያው ሸዋ ውስጥ ግን ብረት አቅልጦ ማረሻ፣ ጦርና ጎራዴ የሚያወጣ፣ የተሰበረ ነፍጥ የሚጠግን ሰው ነበር። ስሙ ማን ነበር? ስም አልነበረውም። ስድብ ነበረው። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ። ቀን ብረት ይሠራል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል አልነው። ልጃችንን አልዳርንለትም።

ጥሩ አፈሙዝ መሥራት ቀላል ነው አላልንም። የብረቱ ጥራት፣ የቀዳዳው ልክነት፣ ልኬቱ፣ ሁሉም ከባድ ነው። ግን ከባድ ነገር የሚቀለው ሰው ከሰው ሲማር ነው። የአንዱን ብልሃት ሌላው ሲያየው፣ ሲያሻሽለው፣ ሀብታሙ ገንዘብ ሲያወጣበት። እኛ ዕውቀቱን የያዘውን ሰው ከመንደር ዳር አስቀምጠን፣ ልጁ እንጂ ጎረቤቱ እንዳይማር አጥረን፣ ከዚያ «ሐበሻ መፍጠር አይችልም» ብለን ደመደምን። አይ እኛ!

ያልገባው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ገብቷቸው ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚያው አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የዋልድማየርን ስም መጽሐፍ ይነግረናል። ከእሱ ጋር እሳት ያነደዱ፣ ወናፍ የነፉ፣ ብረቱን ያፈሰሱ ሐበሾች ስምስ?

አፄ ምኒልክም ገብቷቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ጡረታ አልወጣም።

አሁን ወደ ቡኢ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡኢ አድርጎ ቡታጅራ የሚገባው መንገድ የመሣሪያ ታሪክ መንገድ ነው ብንል አላጋነንም። መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬ አለ፤ የጥንት ሰው ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ የሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። ትንሽ አለፍ ሲሉ ጢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ የተቀረጸባቸው። የጎራዴው ብዛት የገደለውን ሰው ብዛት ያሳያል ሲባል እንሰማለን። ገዳዩ ተቆጠረለት ማለት ነው። ጎራዴውን የቀጠቀጠውን ግን ማን ቆጠረው?

ከጢያ ቀጥሎ ቡኢ ነው፣ የሶዶ ጉራጌ ከተማ። ጉራጌ በሥራ ወዳድነቱ አገር ያወቀው ሕዝብ ነው፤ ከሊስትሮ ተነስቶ ባለ ፎቅ የሆነውን እያነሳን እንኮራለን፣ ልንኮራም ይገባል። ግን ይኸው ሥራ ወዳድ ባህል ብረት ሠሪውን፣ እንጨት ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ለየብቻ ስም አውጥቶ አገለለ። መሬት ከለከለ፣ ጋብቻ ከለከለ። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ወረቀቱ እኩል አደረጋቸው። ልባችንስ? አዲስ አበባ ላይ ክትፎ ስናዝዝ ሥጋው የተከተፈበትን ቢላ የሠራው የማን አባት እንደሆነ ትዝ ብሎን ያውቃል?

«ጠመንጃ ልታስመልኩን ነው ወይ?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም። ቤት ውስጥ የተሠራ ጠመንጃ ፈንድቶ መጀመሪያ የሚጎዳው ተኳሹን ነው። ሕግም አለ፣ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177። አገራችን የጎደላት መሣሪያ አይደለም፣ እንዲያውም ተርፏታል። እኛ የምንከራከረው ለጠመንጃው ሳይሆን ለእጁ ነው። ሞላና ቃታ አገናኝቶ የሚያሠራ እጅ የውሃ ፓምፕም፣ የእህል መውቂያም ማሠራት ይችላል።

«ይሄ ድሮ ቀረ» የሚለንም አለ። ቀረ? እንግዲያው ቴክኒክና ሙያ የሚገባ ልጅ ለምን «ወደቀ» ይባላል? ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ የሚያወጣው ልጅ ለምን «ሥራ እስኪያገኝ ነው» ይባላል? ቡዳ የሚለው ቃል ከከተማ ወጣ እንጂ ሐሳቡ ከረባት አስሮ አብሮን ይኖራል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሙዚየሞቻችን ከጎራዴና ከነፍጡ ሥር የባለቤቱን ደጃዝማች ስም ሲጽፉ «ሠሪው፦» የሚል መስመር ይጨምሩ። ሠሪው ካልታወቀ መስመሩ ባዶ ይቀመጥና ባዶነቱ ያሳፍረን። ጢያን የሚያስጎበኙም ስለ ገዳዩ ሲተርኩ ስለ ቀጥቃጩም አንድ ቃል ይናገሩ። አንተና አንቺ ደግሞ፣ ያን እጅ ሥራ ጠመንጃ ያየህ ቀን፣ ያየሽ ቀን፣ ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁ፦ ማን ሠራው?