«ደም ማቅጠኛው» ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ስትሮክ ካጋጠማቸው ሰዎች ልጆች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ አባባ አሁን ደህና ናቸው፤ ኪኒኑን ቢያቆሙትስ?» መልሴ አጭር ነው፦ ደህና የሆኑት ስለሚወስዱት ሊሆን ይችላልና ሐኪማቸውን ሳታማክሩ አታስቁሟቸው።

በእኔ እምነት ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። ክሎፒዶግሬልም ሆነ አስፒሪን ደም አያቀጥኑም። ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ሕዋሳት እርስ በርስ ተጣብቀው የደም ሥር እንዳይዘጉ ነው የሚያደርጉት። ሲሠሩ አይሰማም፣ ሲቋረጡም ወዲያው አይታወቅም። ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ፕሌትሌቶቹ በአዲስ ይተካሉ፤ መከላከያውም አብሮ ይሄዳል።

«ጎረቤቴን ጠቅሟታል» ብሎ መጀመርም ያው አደጋ ነው። ስትሮክ የደም ሥር ሲዘጋም፣ ሲፈነዳም ይመጣል። ይህ መድኃኒት የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን ሊያብሰው ይችላል። የሚለየው ደግሞ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ እንጂ በግምት አይደለም።

ለምትወስዱ ሰዎች፦

✅ ክሎፒዶግሬል አብዛኛውን ጊዜ 75 ሚ.ግ. በቀን አንዴ ነው። ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ሰዓቱን አስተካክሎ መጾም ይቻላል፤ ጾም ማቋረጫ ምክንያት አይሁን።

✅ ከአስፒሪን ጋር ከታዘዘላችሁ «ሁለቱንም እስከ መቼ?» በሉ። ከቀላል ስትሮክ በኋላ ብዙ ጊዜ 21 ቀን ነው፤ ከዚያ አንዱ ይቀጥላል። ሳያስፈልግ ሲረዝም የመድማት አደጋው ይጨምራል።

✅ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ። የክሎፒዶግሬልን አቅም ያዳክማል። ሌላ አማራጭ አለ፣ ጠይቁ።

✅ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መደራረብ ጨጓራ ያደማል።

✅ ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙ።

🚨 እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መድከም ከታየ ነገ አትበሉ፤ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

አንድ ነገር ልጨምር። ግፊቱ ሳይለካ፣ ስኳሩ ሳይታይ፣ ሲጋራው ሳይቆም ኪኒኑን ብቻ መዋጥ በሩን ከፍቶ መስኮት እንደመዝጋት ነው። እኛም ሐኪሞች ማዘዣው ላይ «እስከ መቼ» የሚለውን በግልጽ ብንጽፍ ብዙ ቤተሰብ ከግምት ይድናል።