ስማችንና ስልክ ቁጥራችን አደራ ነው

ከጎንደር ተነሥቶ በባሕር ዳር መንገድ ለሚጓዝ፣ ጠዳ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚህችም ከተማ ቢሆን ዛሬ ስምና ስልክ ቁጥር ሳይሰጡ መኖር አይቻልም። ሲም ካርድ የሚያወጣው፣ የባንክ ሒሳብ የሚከፍተው፣ ለሕክምና ካርድ የሚያወጣው ሁሉ መረጃውን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ ፈጽሞ የማላውቃቸው ሻጮች «እንኳን ደስ አለዎት! ዕጣ ሊደርስዎት ነው» እያሉ ይመጡብኛል። ለመሆኑ ቁጥሬን ማን ሰጣቸው?

ነገሩ የሰለቸ ማስታወቂያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ብልሽት፣ ብዙ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ገንዘቡን የማስመለስ መብት እንዳለው የሚክድ የለም። ነገር ግን አልመለሱም ያላቸውን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ ለጠፈ። እነዚያ ወጣቶች ስማቸውን የሰጡት ሒሳብ ለመክፈት እንጂ ፍርድ ቤት ሳይበይንባቸው በአደባባይ እንዲዋረዱ አልነበረም። ተበዳይ መሆን አደራን ለማፍረስ ፈቃድ አይሆንም።

የሚገርመው፣ በዚያው ወር፣ መጋቢት 26 ቀን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። የአዋጁ ዋና መርሕ ግልጽ ነው፤ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ዓላማ ሊውል አይገባም። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያም በፊት፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚላክን የንግድ ማስታወቂያ በወንጀልነት ደንግጓል። እንግዲህ የጎደለን ሕግ አይደለም።

«ነጋዴ ካላስተዋወቀ እንዴት ይሸጣል?» የሚሉ አሉ። ያስተዋውቅ! ግን ያስፈቅድ። በደቃቅ ፊደል፣ ያውም በእንግሊዝኛ በተጻፈ ረጅም ውል ሥር «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን ፈቃድ አይባልም። አማራጭ የሌለው ሰው እሺታ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ለአገልግሎቱ የሚሰጠው ፈቃድና ለማስታወቂያ የሚሰጠው ፈቃድ ተለያይተው፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይቅረቡ። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ሳንቲም ሳይከፍል በአንድ መልእክት ይገላገል። ሦስተኛ፣ የጠዳ ነዋሪ አቤቱታውን አዲስ አበባ ድረስ ሳይጓዝ የሚያሰማበት በር ይኑረው።

ወላጆቻችን አደራ በላን ከሌባ አብልጠው ይጠየፉ ነበር። ሌባ የወሰደው ያላመኑትን ነው፤ አደራ በላ ግን ያመኑትን ከድቷልና። እኛም ቁጥራችንን በተጠየቅን ቁጥር «ለምን ትፈልጉታላችሁ? ለማንስ ትሰጡታላችሁ?» ብለን መጠየቅን እንልመድ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

ቸር ይግጠመን።