ቫልቭ ከተቀየረ በኋላ፦ የዋርፋሪን ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ

በአገራችን ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ወረፋው ላይ ያርፋል። ያለ ምክንያት አይደለም። በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ለዓመታት ሕፃናትን ወደ ውጭ አገር እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያም በኋላ ቀዶ ሕክምናው ለረጅም ጊዜ የበጎ ፈቃደኛ የውጭ ቡድኖችን መምጣት ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ራሳቸው ልብ ከፍተው ያክማሉ። ታካሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው።

በልብ ክፍተት የተወለደ ሕፃን ክፍተቱ በጊዜ ከተደፈነለት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተበላሸ ቫልቩ በሜካኒካል ቫልቭ የተተካለት ሰው ዕጣ ግን ሌላ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። መድኃኒቱ ካነሰ በቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከበዛም መድማት ያስከትላል። ልኩ የሚታወቀው አይ.ኤን.አር. በተባለው የደም ምርመራ ነው። ልኩን የሚያናጋው ደግሞ ብዙ ነው፦ ሌላ መድኃኒት፣ የአመጋገብ ለውጥ፣ በጾም ወራት የሚዘወተረው ጎመን ሳይቀር፤ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነውና። ከሩማቲክ ሕሙማን የሚበዙት ወጣት ሴቶች መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

ክትትል የማይሹት አዳዲስ መድኃኒቶች ይህን ሁሉ ያስቀራሉ የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው አልሰመረም። ዳቢጋትራን በሜካኒካል ቫልቭ ታካሚዎች ላይ ሲሞከር የደም መርጋትም መድማትም በመጨመሩ ጥናቱ ቀድሞ ተቋረጠ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሩማቲክ ሕሙማንን ያቀፈው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናትም የልብ ምት መዛባት ላለባቸው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ የዋርፋሪን ዓይነቶቹ ሞትን እንደሚቀንሱ አሳየ።

እንግዲህ ዋርፋሪን ከቀረ አይ.ኤን.አር.ም አይቀርም። ምርመራው የት ይሁን? በመርካቶ ሰባተኛ አካባቢ ጉልት ዘርግታ የምትውል፣ ቫልቭ የተቀየረላት አንዲት ወጣት ትታሰብ። ለአንድ የደም ምርመራ ሆስፒታል መዋል የዕለት ገቢዋን ማጣት ነው፤ ቀጠሮው ሲደጋገም ከሁለቱ አንዱን መተዋ አያስገርምም። ከክፍለ ሀገር መጥቶ አውቶቡስ ተራ የሚወርደው ታካሚማ የመንገዱን ወጪና የአልጋ ኪራዩን ይጨምርበታል። ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ መሣሪያ ግን አለ። ይህ መሣሪያ በአዲስ ከተማ ጤና ጣቢያዎች፣ መጠን ማስተካከል በሠለጠነ ነርስ እጅ ሊሆን ይገባል።

መመርመሪያው ስትሪፕ ከውጭ የሚገባና ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን ደም የረጋበት ቫልቭ ታካሚውን ካልገደለው ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ላይ ሊያደርሰው ይችላል፤ ያን ቀን ማሽኑም፣ አልጋውም፣ የቀዶ ሕክምና ቡድኑም በሌላ ሕፃን ተራ ላይ ይውላሉ። የስትሪፑን ዋጋ ወረፋው ከሚያስከፍለው ለይቶ ማስላት ስሌቱን ያዛባዋል።

ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆን ጥያቄም እዚሁ አለ፦ በጤና ጣቢያ የሚከታተሉና ሆስፒታል የሚመላለሱ ታካሚዎች አይ.ኤን.አር. በሚፈለገው ልክ የሚቆይበት ጊዜ ምን ያህል ይለያያል? ለመጀመር አንድ ክፍለ ከተማ ይበቃል።