ሶሾሎጂና የተሳሳተው ሒሳብ

«ሶሾሎጂ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ሐዋሳ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ይህን ጥያቄ ከአጎቱም፣ ከሰፈሩ ባለሱቅም፣ ጉዱማሌ መናፈሻ ዛፍ ጥላ ሥር አብሮት ከተቀመጠ ጓደኛውም ይሰማዋል። ጠያቂዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ሁሉም በልባቸው የያዙት ግን አንድ ሒሳብ ነው፦ ስንት ደመወዝ ያገኛል? የወጪ መጋራት ዕዳውስ ስንት ነው? ደመወዙ ለዕዳው እንኳ የማይበቃ ከመሰላቸው፣ ልጁ ዕድሜውን በከንቱ ፈጀ ይላሉ። ይህ ሒሳብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። የሚጎዳውም ልጁን ብቻ አይደለም።

ሲጀመር፣ ብዙዎቹ ሶሾሎጂን ወደው አልገቡበትም። ዩኒቨርሲቲውን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ዲፓርትመንቱን ደግሞ የፍሬሽማን ውጤትና ኮታ ይወስኑታል። በ2000 ዓ.ም. ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ከተወሰነ ወዲህ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ሌላ ቦታ ያልተሳካለት የሚጠጋበት ተደርጎ ታየ። መንግሥት መድቦ ያስገባውን ልጅ «የማያዋጣ ነገር መረጥክ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

ደመወዙም ቢሆን የሚነገረውን ያህል ከትምህርት ዓይነቱ ጋር አይያያዝም። መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሲያስታውቅ፣ የአንደኛ ዲግሪ ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚል ነበር የገለጸው። «የሶሾሎጂ ሲሆን ይህን ያህል» አላለም። 11,500 ብር ሐዋሳ ውስጥ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለሚኖር ወጣት ካልበቃው፣ ችግሩ የደመወዝ ስኬሉና የኑሮ ውድነቱ ነው።

የሒሳቡ ትልቁ ጉድለት ግን ለከተማውና ለአገሩ የሚተርፈውን ጥቅም ፈጽሞ አለመቁጠሩ ነው። ሐዋሳ ለዚህ የቅርብ ምስክር አላት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ያህል ሠራተኛ እንደሚይዝ ተነግሮ ነበር። ሼዱ፣ መብራቱ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው በጥንቃቄ ተሠራ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት በሆነው በስተርን ሥር ያለው የቢዝነስና ሰብዓዊ መብት ማዕከል ስለ ፓርኩ ጥናት አወጣ። መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ ልብስ ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ፋብሪካዎቹም በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። አሠልጥኖ ማጣት፣ እንደገና መመልመል፣ እንደገና ማሠልጠን።

ከገጠር ሲዳማ ለፓርኩ ሥራ የመጣች ልጅ የት ታድራለች? ለስንት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ? የማታ ፈረቃ ሲያልቅ በጨለማ ማን ያደርሳታል? ከደመወዟ ላይ ለቤተሰብ ስንት ትልካለች? ለበዓል አገሯ ገብታ ለምን አትመለስም? የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን እንኳ ብናነሳ፣ ዩኔስኮ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በቅርስነት የመዘገበው ይህ በዓል የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። የፋብሪካ የሥራ ቀን መቁጠሪያ ይህን ካላወቀ፣ ልጆቹ ለበዓሉ ወደ ጉዱማሌ ሲወርዱ ማሽኑ ይቆማል። እነዚህ ሁሉ የሶሾሎጂ ጥያቄዎች ናቸው። መጠየቅ የነበረባቸው ሼዱ ከመቆሙ በፊት ነው፤ መልሱን ፍለጋ ቤት ለቤት መሄድ የሚችል ምሩቅ ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ያልተቀጠረው ሙያው ስለማያስፈልግ ሳይሆን በጀት ሲያዝ ማንም ስላላሰበው ነው።

ትምህርቱ ራሱ ነቀፋ የለበትም አልልም። ከሃንዳውት ሳይወጣ፣ አንድ ቀበሌ ገብቶ መጠይቅ ሳያስሞላ የሚመረቅ ተማሪ ብዙ ነው። መምህራኑ ይህን ማረም አለባቸው።

ወደ ዕዳው ልምጣ። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ በ15 ዓመት ውስጥ ያጠናቅቃል። ከ11,500 ብር 1,150 ብር መሆኑ ነው። ያማል፤ ግን ደመወዝ ላለው ሰው የሚቻል ነው። ልጁን አንቆ የያዘው ሌላ ነው፦ ዕዳው ካልተከፈለ ኦሪጅናል ዲግሪው አይሰጠውም። ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት (ቴምፖራሪ) ይዞ ይወጣል። አባቱ ገንዘብ ያለው በአንድ ጊዜ ከፍሎ ዲግሪውን ይዞ ስኮላርሺፕ ይሞላል። የገበሬ ልጅ ሥራ ስለሌለው አይከፍልም፣ ስላልከፈለ ወረቀቱን አያገኝም፣ ወረቀቱን ስላላገኘ ኦሪጅናል የሚጠይቅ ሥራም የውጭ ዕድልም ያልፈዋል። አውስትራሊያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1989 በጀመረችው ሥርዓት ምሩቁ ክፍያ የሚጀምረው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው። የእኛም ደንብ ክፍያውን ከገቢ ጋር አያይዞታል፤ ወረቀቱን ማገት ታዲያ ከምን የመጣ ነው?

ትምህርት ሚኒስቴርና የገቢዎች ሚኒስቴር ይህን አሠራር ማስቀረት ይችላሉ። ተማሪው በየዓመቱ ፎቶውን ለጥፎ የፈረመበት የወጪ መጋራት ውል በእጃቸው ነው። ኦሪጅናል ዲግሪው በምርቃቱ ቀን ይሰጠው፤ ገንዘቡም ሥራ ሲይዝ በአሠሪው በኩል ከደመወዙ ይቆረጥ።