የለገሃሩ አንበሳና የአንዲት ተማሪ ጥያቄ

ባለፈው ክረምት ከቤተሰቧ ጋር አዲስ አበባ ሄዳ የተመለሰች የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን በስልክ የተነሣችውን ፎቶ አሳየችኝ። ከኋላዋ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው፣ ዘውድ የጫነው አንበሳ ይታያል። «ቲቸር፣ አሁን ንጉሥ የለም፤ አንበሳው ታዲያ ለምን ይቆማል?» አለችኝ። ደወል ተደውሎ ስለ ነበር በአግባቡ አልመለስኩላትም። ዕዳዬን እዚህ ልክፈል።

ለገሃር የሚለው ስም እናንተ በየቀኑ ከምትሰሙት ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት ነው። ሐዲዱም የተነሣው ከዚሁ ከጅቡቲ ነው። ሥራው በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንበሳው የቆመው ደግሞ በ1930 ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካለው ትልቅ የድንጋይ አንበሳ ጋር እንዳታምታቱት፤ ያኛው የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፣ የቆመውም በ1955 ነው። ወላጆችም ሲሳሳቱ ሰምቻለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተማሪዋ ልክ ነበረች እላለሁ። ግን ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አንበሳውን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱት ወታደሮቹ ካቆመው ሐውልት ግርጌም አስቀመጠው። በሰኔ 1938 ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት በዚያ ሲያልፍ አንበሳውን አየና ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሡት ሲሞክሩ ሰይፉን መዘዘ። ታሪኩ በቃል ሲወርድ ብዙ ተጨምሮበታል፤ ተይዞ መታሰሩና በ1945 እዚያው ጣሊያን አገር መሞቱ ግን እርግጥ ነው። አንበሳው ወደ ለገሃር የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። በደርግ ዘመን የዘውድ ምልክት ነው ተብሎ ሊነሣ ሲታሰብ አርበኞች የዘርዓይን ስም ጠርተው ተከራከሩለት።

ስለዚህ ልጄ፣ አንበሳውን ያቆመው ንጉሥ ነው፤ ዛሬ ያለውን ትርጉም የሰጠው ግን ዘውድ ያልነበረው ሰው ነው። ይነሣ ቢባል እኔም እቃወማለሁ።

ሆኖም ግማሹን ጥያቄሽን እጋራለሁ። በመቆሚያው ድንጋይ ላይ የእነ ዐፄ ምኒልክ ምስል ተቀርጿል። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ሐዲድ በዚህ በእኛ ሙቀት የዘረጉት፣ ብዙዎችም በመንገድ የቀሩት ሠራተኞች ግን አንድም ፊት የላቸውም። የውኃ ቀጂው፣ የድንጋይ ፈላጩ፣ የሐዲድ ጠባቂው መልክ የት አለ? ይህ ጉድለት እኔን ከዘውዱ ይልቅ ያሳስበኛል። አሁን ባቡሩ የሚነሣው ከናጋድ ነው፣ ለገሃርም አይገባም፤ ልጆቻችን በአንበሳው ፊት ፎቶ ተነሥተው ሲመለሱ ከዚህ ከተማ ጋር ምን እንዳገናኘው የሚነግራቸው የለም።

ሐውልት ማቆም የእኛ አቅም አይደለም። ግን ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በምድር ባቡር የሠሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ስማቸውን፣ ምን ይሠሩ እንደ ነበርና በየትኛው ጣቢያ እንደ ነበሩ ቤት ጠይቁና ጽፋችሁ መስከረም ላይ አምጡልኝ። ፎቶ ካለም ኮፒው ይበቃል። በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ያለውን ግድግዳ አስለቅቄያለሁ።