ተልባ፤ ከገበያው በፊት ለቤተሰቡ

በአርሲ፣ በባሌ፣ በሸዋና በጎጃም ደጋ ተልባ ዘርቶ የሚያመርት ገበሬ ምርቱን የሚያየው በይበልጥ በገንዘብ ምንጭነቱ ነው። ይኸው ተልባ ከተማ ሲደርስ ተፈጭቶና ታሽጎ «የግፊትና የስኳር መድኃኒት» እየተባለ ይቸበቸባል።

ጥቅሙስ እውነት ነው። ሰውነት በራሱ የማይሠራው ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባት በተልባ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ የሚዝለገለገው ክፍሉም የሆድ ድርቀትን ያለዝባል። ይሁን እንጂ ፍሬው ሳይደቅ ከተዋጠ አብዛኛው እንዳለ ይወጣል። እናቶቻችን ቆልተው መውቀጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የተወቀጠው ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ፣ ሲጠጣም ውሃውን ማብዛት ይገባል።

አሳሳቢው ሌላ ነው። ተልባ የደም ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ክኒንን ግን አይተካም። በዱቄቱ ተማምኖ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ግፊቱ ምልክት ሳያሳይ ከፍ ብሎ አንጎሉን ሊመታው ይችላል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር ቢያነሱ ይበጃል፤ ይኸውም ምርቱ ለነጋዴ ከመሰፈሩ በፊት ለየቤቱ ጥቂት ቁና እንዲቀር፣ ክኒን የሚወስድ አባልም ተልባ መጠጣቱን ለጤና ጣቢያው ባለሙያ እንዲናገር ነው።