የአቶም ኃይል ለአየር ሙቀት መድኃኒት ይሆናልን?

መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ በሞስኮ ከተማ የኑክሊየር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ለማቋቋም የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የመጣ ዜና ስለሆነ፣ ብዙዎች «ይህ ሁሉ ኃይል እያለ አቶም ለምን አስፈለገ?» ብለው ቢጠይቁ አያስገርምም። ነገሩ የመሐንዲሶችና የሚኒስትሮች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጣቢያው የሚያርፈው በመሬት ላይ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በውኃ ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ከሕዝቡ ሀብት ነው። ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች የክርክሩን ሥረ ነገር ከወዲሁ ሊያውቁት ይገባል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የምድር አየር እየሞቀ የመጣው በተለይ የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲነዱ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ነው። በአቶም ጣቢያ ውስጥ ግን የሚነድ ነገር የለም። ዩራንየም የተባለው ማዕድን እምብርቱ ሲሰነጠቅ ከፍተኛ ሙቀት ይሰጣል፤ ሙቀቱ ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ከረዣዥሞቹ ማማዎች ጫፍ እንደ ደመና ሲወጣ የሚታየውም ጭስ ሳይሆን የውኃ እንፋሎት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተቋቋመው የአየር ንብረት ለውጥ ሊቃውንት ጉባዔ በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የድንጋይ ከሰል 820 ግራም ያህል በካይ አየር ሲያወጣ አቶም 12 ግራም ያህል ብቻ ያወጣል። ይህም ማዕድኑ ከሚቆፈርበት ጀምሮ ጣቢያው እስከሚፈርስበት ድረስ ያለው ሁሉ ታስቦ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዱባይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባዔ ላይ ከ20 የሚበልጡ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2050 ድረስ የዓለምን የአቶም ኃይል ሦስት እጥፍ ለማድረግ ቃል የገቡትም ይህንኑ ምክንያት በማድረግ ነው።

የደጋፊዎቹ ክርክር ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ፈረንሳይ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ባሻቀበበት በ1966 ዓ.ም. ፊቷን ወደ አቶም አዙራ፣ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የምታገኘው ከዚያ ነው። ጎረቤቷ ጀርመን በበኩሏ የመጨረሻዎቹን ሦስት የአቶም ጣቢያዎች ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ስትዘጋ የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎቿ ገና ይሠሩ ነበር። ከሁለቱ አገሮች የማን ኤሌክትሪክ አየሩን ያነሰ እንደሚበክል ለሚጠይቅ መልሱ ፈረንሳይ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ይህ ክርክር እንዳለ ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ አይችልም። ጀርመን የምትዘጋው የከሰል ጣቢያ አላት፤ ኢትዮጵያ ግን ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው። የተረፈውም ቢሆን በአብዛኛው ከነፋስ ነው። የአቶም ጣቢያ ቢተከል የሚያስቆመው ጭስ በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ የለም። የአገሪቱ በካይ አየር በብዛት የሚመነጨው ከከብት እርባታ፣ ከእርሻና ከደን መመንጠር ነው። ስለዚህ «የአየር ሙቀትን ለመከላከል አቶም ያስፈልገናል» የሚለው አባባል በአውሮፓ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ እርሱም ድርቅ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ያለው ውኃ በመቀነሱ በአገሪቱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ዝናቡ ይበልጥ የማይታመን ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩን በሙሉ በዝናብ ላይ የጣለ አገርም ዘሩን ሁሉ በአንድ ማሳ እንደ ዘራ ገበሬ ይሆናል። ዝናብ ቀረም መጣም ሌትና ቀን የሚያመነጭ ኃይል መያዝ ጥሩ መጠባበቂያ ነው። የአቶም ደጋፊዎች በኢትዮጵያ ሊያቀርቡት የሚገባው ጠንካራ ክርክር ይኸው ነው። ሆኖም ተፎካካሪ አለው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ነፋሱ ይበረታል፤ ፀሐዩም ጠራራ ነው። ሁለተኛው የአዳማ የነፋስ ኃይል ጣቢያ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ ግንባታው የወሰደው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። የሕዳሴው ግድብም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ በመሆኑ የአንድ ክረምት ጉድለት በቀላሉ አያደርቀውም።

ስለ አደጋው የሚነሣው ሥጋት በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በሚያዝያ 1978 ዓ.ም. በቸርኖቢል የፈነዳው ጣቢያ የዩክሬንን፣ የቤላሩስንና የሩሲያን ሰፊ የእርሻ መሬት በክሏል። የተበከለ ሣር የበሉ ላሞችን ወተት የጠጡ ብዙ ሕፃናት የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ይዟቸዋል። ለገበሬ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከቸርኖቢል ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በብሪታንያ የሆነው ነው። በዚያን ሰሞን የጣለው ዝናብ መርዙን ይዞ በዌልስ፣ በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ኮረብታዎች ላይ ወረደ። ሣሩ ሳበው፤ በጎቹ ሣሩን ጋጡት። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ እርሻዎች በጎቻቸው በመሣሪያ ሳይመረመሩ ለገበያ እንዳይቀርቡ ተከለከሉ። የመጨረሻው ክልከላ የተነሣው ከ26 ዓመት በኋላ በ2004 ዓ.ም. ነው። እነዚያ አርቢዎች ስለ ጣቢያው የጠየቃቸው ማንም አልነበረም።

ይህም ሆኖ ሥጋቱ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም። ከከሰል የሚወጣው ጭስ ያለ አንዳች ፍንዳታ በየዓመቱ የሚገድለው ሰው ከአቶም አደጋዎች ሁሉ ይበልጣል። የአቶም ጨረርም ቢሆን ለኢትዮጵያ ገበሬ ፍጹም ባዕድ አይደለም። ከብቶችን በገንዲ በሽታ የሚፈጀውን የፀፀ ዝንብ ለማጥፋት በቃሊቲ በተቋቋመው ማዕከል ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር እየመከኑ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተለቀዋል።

ከሥጋቱ ይልቅ ሊያስጨንቅ የሚገባው ጊዜውና ገንዘቡ ነው። የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲ ለጀማሪ አገር ከሐሳብ እስከ ማመንጨት ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል ይላል። ልምድ ያላቸው አገሮችም ሲዘገዩ ታይተዋል። የፊንላንድ ሦስተኛው የኦልኪሉኦቶ ጣቢያ በ1997 ዓ.ም. ተጀምሮ መደበኛ ሥራ የጀመረው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳይ የፍላማንቪል ጣቢያ 3.3 ቢሊዮን ዩሮ ይፈጃል ተብሎ 13 ቢሊዮን አልፏል። ለሚዛን ያህል፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባራካ ላይ በ2004 ዓ.ም. ጀምራ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አራተኛውን ክፍል ሥራ አስጀምራለች፤ ዛሬ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉን ይሰጣል። ነገር ግን ያ የነዳጅ ሀብት ያለው መንግሥት ነው። ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ምሳሌ የገበሬ አገር የሆነችው ባንግላዴሽ ናት። በሩፑር ለምታሠራው 2,400 ሜጋዋት ጣቢያ የታሰበው ወጪ 12.65 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን 90 በመቶው ከሩሲያ የተወሰደ ብድር ነው። እንዲህ ያለ ብድር ጣቢያው ቢያመነጭም ባያመነጭም ይከፈላል።

መሬቱን በተመለከተ የግብፅ ታሪክ ጎላ ብሎ መነገር አለበት። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለው የኤል ዳባ መሬት ለአቶም ጣቢያ የተከለለው በ1970ዎቹ በፕሬዚዳንት ድንጋጌ ነበር። ግንባታው ሳይጀመር ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። ነዋሪዎቹ መሬቱ የእኛ ነው፣ ተገቢ ካሣም አልተከፈለንም ይሉ ነበር። በጥር 2004 ዓ.ም. አጥሩን ጥሰው ቦታውን ያዙት፤ የተሠሩትንም ሕንፃዎች አፈረሱ። መሬቱን ለመንግሥት የመለሱት በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድርድር ነው። የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰውም በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነበር። ያን ያህል ዘመን መሬቱ ተከልሎ ለአራሹም ለመብራቱም ሳይሆን መቅረቱ የማንንም ዓይን ሊከፍት ይገባል።

ውኃውም እንደዚሁ ነው። በማቀዝቀዣ ማማ የሚሠራ የ1,000 ሜጋዋት የአቶም ጣቢያ በቀን 50 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ በእንፋሎት ያባክናል። አንድ ሄክታር የመስኖ ሰብል በቀን 50 ሜትር ኩብ ያህል ይጠጣል ቢባል፣ ይህ ለ1,000 ሄክታር ማሳ የሚበቃ ውኃ ነው። (ከትልልቅ ግድቦች ሐይቅ በትነት የሚጠፋው ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ደግሞ መካድ አይገባም።) በፈረንሳይ በ1995 ዓ.ም. እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ኃይለኛ ሙቀት ወንዞቹ ስለ ጋሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ምርታቸውን ለመቀነስ ተገደዋል። የድርቅ መጠባበቂያ የተባለው ራሱ ወንዝ የሚጠብቅ ከሆነ መጠባበቂያነቱ ይላላል። በአሜሪካ በአሪዞና በረሃ የሚገኘው የፓሎ ቨርዴ ጣቢያ የሚቀዘቅዘው ከከተማ ወጥቶ በተጣራ ፍሳሽ ነው፤ እንዲህ ያለ መንገድ በጥናቱ ውስጥ መታየት አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ገጠሩ ዛሬ ያለበት ሁኔታ አይረሳም። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም፤ ያላገኘውም በአብዛኛው ገጠሬው ነው። ከፍተኛ ውጥረት የተሸከመው መስመር በማሳው ላይ እያለፈ ቤቱ ግን በኩራዝ የሚያመሽ ስንት አባወራ አለ? እንጀራው የሚጋገረው በሦስት ጉልቻ ላይ በእንጨትና በኩበት ነው። ኩበቱ ወደ ማሳው መመለስ የነበረበት ፍግ ነው፤ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ገበሬውም ያንኑ ንጥረ ነገር በከረጢት ማዳበሪያ መልሶ በገንዘብ ይገዛዋል። ጭሱ ደግሞ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የእንጨቱን ፍጆታ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ እንጨቱን ጨርሶ ያስቀራል፤ ሆኖም አንዱ ብቻ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ለአምፑል ብቻ የተዘረጋ መስመርና ትንሽ ትራንስፎርመር አይችለውም። በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮና የመስኖ ፓምፕም እንዲሁ መስመር ይጠብቃሉ። በኢትዮጵያ ጭስ የሚቀነስበትና ደን የሚተርፍበት ቦታ ይህ ነው፤ ለዚህም 15 ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

የአቶሙ ጥናት ይቀጥል፤ ባለሙያም ይሠልጥን፤ ይህን የሚቃወም ምክንያት የለም። የማከፋፈያ መስመሩና የትራንስፎርመሩ በጀት ግን ለጣቢያው ተብሎ ወደ ኋላ መገፋት የለበትም። የማኅበር መሪዎችም ጥናቱ ወደ አካባቢያቸው ከመጣ ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። ስንት ሄክታር ይከለላል? ምትክ መሬቱ የትና መቼ ይሰጣል? ግንባታው ቢዘገይ አራሹ በተከለለው መሬት ላይ እያረሰ ይቆያል ወይ? በበጋ ከወንዙ ስንት ውኃ ይወሰዳል? ያገለገለውን ነዳጅ ማን ይረከባል? ሩሲያ የባንግላዴሽን መልሳ ለመውሰድ ውል ገብታለችና ተመሳሳይ ውል መኖሩ ሊጠየቅ ይገባል። ከጣቢያው ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችስ ከመጀመሪያው ቀን መብራት ያገኛሉ? ጥያቄው በቃለ ጉባዔ ሰፍሮ፣ በአባላት ተፈርሞ ለወረዳው መስተዳድር ቢሰጥ መልካም ነው። ይህም ካስማው ከመተከሉ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ የኤል ዳባ ሰዎች ጥያቄያቸው ሰሚ ያገኘው አጥሩ ከፈረሰ በኋላ ነበርና።